ሦስት ጊዜ እስኪጠይቁን

ሀዋሳ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቢሮሽስ፣ የተከራየሽው ቤትስ፣ አብራሽ የምትኖረዋ ልጅስ ተስማማችሽ? የአዲስ አበባ ዝናብ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ ሲሉ ሰምቼ፣ ያን ወፍራም ሹራብ ትተሽው በመሄድሽ ተቆጨሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰሚራ ይዛልሽ ትመጣለች። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያዝ ያደርገኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ይህን የምልሽ እንዳታስቢ ብዬ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከእውነት ሌላ ላለመጻፍ ቆርጫለሁ።

ሰፈሩ እንዳለ ነው። በራችን ፊት ያለውን መንገድ ድንጋይ ሊያነጥፉ ቆፍረው ትተውት ባጃጅ አይገባም፤ ከአስፓልቱ ጀምሮ በእግር ነው። ጎረቤታችን እትዬ ተዋበች ሰላም ትልሻለች። ስምሽ ሲነሳ ያችኑ ቀልዷን እስከ ዛሬ አልተወችም፤ «ፍሪጅ ለመሥራት ፈረንጅ አገር? የኔው ፍሪጅ እዚህ ተበላሽቶ ዓመቱ አይደል እንዴ!» ትላለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። እሁድ እሁድ ስትደውዪ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ አውርተን እንዘጋለን። ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ወረቀት ግን ይታገሣል። ይህ አራተኛው ነው፤ ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሹን ወለል እየወለወልኩ ሳለ ሰሚራ ብቅ አለች። ዩኒቨርሲቲ አብራችሁ ታስተምሩ በነበረበት ጊዜ እንደምታደርገው በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ በአየር ልምጣ?» አለችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ያ የሆላንዱ ፕሮፌሰር ሌላ የዶክትሬት ተማሪ ቦታ አውጥቷል አለችኝ። እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ አነበበችልኝ። ጥናቱ አራት ዓመት ነው። ማሽንን ለማስተማር ሊያገለግል የሚችል የኳንተም ኮምፒውተር አካሉን መሥራት ነው። በተለይ የሚፈልጉት፣ ቺፗ፣ የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ከማቀዝቀዣዋ ብርድ ሳትወጣ መልእክት የሚያመላልሱላትን ሽቦዎች ነገር የሚያስብ ሰው ነው። ከዚህ በፊት ያመለከተ ሰውም እንደገና ማመልከት ይችላል። የመጨረሻው ቀን ሰኔ 23 ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ማስታወቂያ እኮ የጎደለው ስሟ ብቻ ነው» አለች ሰሚራ። ለአንቺ ነግራሽ «አንዴ እምቢ ብዬ አሁን በምን ዓይኔ?» እንዳልሻት፣ ደግማ ስታነሳብሽም ስልኩን እንደዘጋሽባት ነገረችኝ። «እኔንስ አትሰማኝም፤ እርስዎ ይንገሯት» ብላኝ ሄደች። ወለሉ እስኪደርቅ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ስለዚህ ሥራ የማውቀው አንቺ የነገርሽኝን ያህል ነው። ለቃለ መጠይቁ ስትዘጋጂ በእኔ ላይ ነበር የምትለማመጂው። «ላንቺ ካስረዳሁ ለእነሱ አያቅተኝም» ትዪኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ያየሁትን ይዤ «በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይሆናል የሚሉት ነገር ነው?» ስልሽ ሳቅሽብኝ። «እማ፣ ጋዜጣ እንደሚለው ተአምር አይደለም። ቺፗ ትንሽ ናት። የሚያስቸግረው ብርዱና ሽቦው ነው» አልሽኝ። ከዚያ በታች ብርድ የለም እስከሚባልበት ጫፍ ድረስ የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጧታል፤ ታዲያ እያንዳንዱ ሽቦ ከላይ ያለውን ሙቀት ይዞባት ይወርዳል፤ ሙቀቱ ከደረሰባት የያዘችውን ትረሳለች አልሽኝ። ማሽን የሚማረው እየተሳሳተና እየታረመ ነው፣ ሚሊዮን ጊዜ፤ የዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ያን ሁሉ የሚሠሩት ከተማ የሚያበራ መብራት ፈጅተው ነው፤ ይሄኛው ምናልባት በሌላ መንገድ ይሠራው ይሆናል አልሽኝ። «ምናልባት?» ስልሽ፣ «አዎ ምናልባት፤ እስካሁን ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ ለዚህ አይደል ጥናት የሚባለው» ብለሽ ዓይንሽ በራ። ማንም እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አንድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ እሱም አባትሽ ነው፤ ደርዘን ሰው ሞክሮ የተወውን ፍሪጅ ሲያመጡለት።

የቃለ መጠይቁ ዕለት መብራት ጠፍቶ በስልክሽ ኢንተርኔት ስትቀጥዪ እኔ ጓዳ ነበርኩ። እንግሊዝኛውን ብዙ አልተከተልኩትም፤ ስለ አባትሽ ስታወሪ ግን ገባኝ። በኋላ ነገርሽኝ። ፕሮፌሰሩ ስለ ሽቦዎቹ ማሰብ ከየት ጀመርሽ ብሎ ሲጠይቅሽ፣ «አባቴ በዓሣ አስጋሪዎቹ ማቀዝቀዣ ቤት ይሠራ ነበር። ብርዱ ሲቀንስ ሌላው ሰው ሞተሩን ሲፈታ፣ እሱ መጀመሪያ የሚያየው ሽቦው በግድግዳው የሚገባበትን ቀዳዳ ነበር» አልሽው። ሰውዬው ሳቀና ያን ነገር ጻፈው አልሽኝ። በዚያች ቅጽበት እንደምትሄጂ ገባኝ። ከሌላው ሁሉ በፊት እኔ ነበርኩ ያወቅሁት።

ከዚያ ኢሜይሉ መጣ። መጋቢት ውስጥ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ አንቺ ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ በሁለት እጅሽ ታቅፈሽ ወጣሽ። «ቦታውን ላንቺ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ትመጪያለሽ?» ይላል። «እማ፣ እሺ ልበለው?» አልሽኝ። እኔም ቆይ አልኩሽ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እንደ ጠሩሽ አትሮጪ፤ ያጣች ያስመስልብሻል። መጀመሪያ አመስግኚው። ከዚያ፣ ለዚህ የምበቃ አይመስለኝም፣ ከእኔ የሚሻል ካለ አልሻማውም፣ እናቴም ብቻዋን ናት በዪው። ከፈለገሽ ደግሞ ይጠይቅሻል፤ ያን ጊዜ በክብር ትሄጃለሽ» አልኩሽ። «እማ፣ ይሄ እኮ የሠርግ ጥሪ አይደለም» ብለሽ ሳቅሽ። ቢሆንም እንዳልኩሽ ጻፍሽ። ምክንያቱም ልጄ ነሽ። ስድስት ዓመትሽ ሳለ እትዬ ተዋበች ዳቦ ስትሰጥሽ ሁለቴ «አይ ጠግቤያለሁ» እንድትዪ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሁለቴ ብቻ ጠይቃሽ ትታሽ፣ ሆድሽ እየጮኸ ስትመለሺ «ጎበዝ!» ብዬ ስሜሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ፣ ውሳኔሽን አከብራለሁ፣ ቦታውን ለሚቀጥለው አመልካች ሰጥተናል፣ መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ ይላል። አንብበሽልኝ ስትጨርሺ «በቃ? አንድ ጊዜ እንኳ በሞቴ አይልም?» አልሽ። እሱን ብለሽ በጣም ሳቅሽ። ሳቁ መቼ ለቅሶ እንደሆነ አላወቅሁትም።

ከፋሲካ በኋላ ማስተማሩን ትተሽ ለባንኩ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁሽ። መኪናው ሊነሳ ሲል ወርደሽ መጣሽ። «እማ፣ በዚህ ነገር ራስሽን እንዳትወቅሺ። አንቺ የፈረንጅ ልማድ ከየት ታውቂዋለሽ? ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልሽኝና ግንባሬን ሳምሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ይሄው ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ ያ የሳምሽኝ ቦታ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለኝ።

አሁን ስለ አባትሽ ልንገርሽ።

አባትሽ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ እንደሞተ ታውቂያለሽ። መኪና ጠፍቶ ዘገየን ብዬ የነገርኩሽ ግን ውሸት ነው። መኪና ነበረ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንቺ ውስጥ የቤት ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ አባትሽ ከዐርብ ጀምሮ ሆዱን አሞት ተኝቷል። የአባትሽ የሥራ ባልደረባ ግዛቸው፣ ለማቀዝቀዣ ቤቱ በረዶ የሚያመላልስበትን ፒካፕ እያሽከረከረ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ሐኪም ቤት ላድርሰው?» አለኝ። «አይ፣ አትቸገር፤ ይሻለዋል» አልኩት። «ችግር የለውም፤ በዚያው ነው የማልፈው» አለኝ። «አይ፣ ሥራህን አናስፈታህ፤ አምላክ ይስጥልን» አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እኔም ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር። ሦስተኛውን ቢጠይቀኝ ነጠላዬን አንስቼ ልወጣ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ሦስተኛውን ሳይጠይቅ ሄደ። አመሻሹ ላይ ሕመሙ ሲጠና በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሞቹ ቀደም ብትሉ ኖሮ አሉ። ሰኞ አረፈ።

ግዛቸውን አንቺ «ያ ኩሩ ሰውዬ» ነበር የምትዪው፤ መንገድ ላይ ሲያየን ወደ ማዶ ስለሚሻገር። እኔም ተይው፣ እንዲያ ነው ጠባዩ እልሽ ነበር። ኩሩ አልነበረም፤ እኔን ማየት አቅቶት ነው። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በማያውቀው ነገር ሲታማ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ሰሚራ ከመጣች ማግሥት እሱ ጋ ሄድኩ። አሁን እዚሁ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ጠጉሩ ሁሉ ሸብቷል። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣና የሚይዘው ጠፋበት፤ ያልተጠየቀውን የዘይት ጣሳ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ወንድሜ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት። «አንቺ? እኔን?» አለ። ነገርኩት። ሁለቴ እምቢ ያልኩህ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ሦስተኛውን ስጠብቅ ነበር አልኩት። የዘይት ጣሳውን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ እኔ እኮ ወዲያው አልሄድኩም። ሰው ካልፈለገ አላስጨንቅ ብዬ ወጣሁና አስፓልቱ ዳር ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ትጠሪኝ ይሆናል ብዬ አንድ ሲጋራ ጨረስኩ» አለኝ።

ልጄ፣ ሞተሩን ሰምቼዋለሁ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ እየሰማሁት ነበር። ይህን ለእሱም አልነገርኩትም፤ ለአንቺ ነው የምጽፈው። ሁለት ሰው ሃያ እርምጃ ተራርቆ ሌላው ይጥራኝ ብሎ ቆሞ፣ አባትሽ ውስጥ ያቃስታል። ግዛቸው ስወጣ እስከ መንገዱ ሸኘኝና «ልጅቷ እንዴት ናት? ያቺ ፋኖስ ይዛ ለአባቷ የምታበራለት?» አለኝ። አድጋለች፣ አስተማሪ ነበረች አልኩት። «ነበረች?» አለኝ። 

እንግዲህ የመጀመሪያ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሰው ቃልሽን አምኖ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ ሰው በሀዋሳ ከተማ የለም። ይህን አንብበሽ «ታዲያ እያወቅሽ ለምን እኔን እንዲያ አስጻፍሽኝ?» ብትዪ ትክክል ነሽ። የቀደድኳቸው ሦስት ወረቀቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ «ልማድ ነው፤ ሰው ካደገበት አይወጣም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ነው የቀደድኳቸው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ውጭ አገር ለሚማሩ ልጆች የተጻፈች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አለች። ማንም አያነሳትም፤ እኔ ነኝ አቧራዋን አራግፌ ወደ ቤት የወሰድኳት። ስለ አውቶቡስ ትኬት፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት ትናገራለች። አርባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል አለ። በዚያ አገር ሰው አንድ ነገር ሲሰጣችሁ ከፈለጋችሁ ወዲያው እሺ በሉ፤ አይ ካላችሁ አይ ማለታችሁ ነው ብለው ያምናሉ፤ ደግሞ መጠየቅ እናንተን አለማክበር ይመስላቸዋል። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ነበር።

መጽሐፏን ያነበብኩት አንቺ ቃለ መጠይቁን ባደረግሽበት ሳምንት ነው። የሰውዬው ኢሜይል የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በአስራ ሰባተኛው ቀን ነው።

«ቆይ» ስልሽ ያን ገጽ አንብቤው ነበር። አንቺ ሂሳብ ታውቂያለሽ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይቅር ብትዪኝም ባትዪኝም የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ አይደለም። «ልሂድ?» እያልሽ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «እንደ ፈቀድሽ» እልሽ ነበር። ጨዋ መልስ ይመስላል፤ ሸክሙን ሁሉ በአንቺ ላይ የሚጥል መልስ ነው። አሁን የኔን ፈቃድ ልንገርሽ። ሂጂ። አንድ ጊዜ ነው የምልሽ፤ ደግሜ አልለምንሽም፣ አንቺም ደግሜ እንድልሽ አትጠብቂ። ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ አይሆንም ብልሽ ውሸት ነው። ግን ዛሬም ባዶ ነው። አንቺ ባንክ ውስጥ የሰው የይለፍ ቃል እየቀየርሽ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ሁለት ባዶ ቤት ነው ያለን።

ለሰውዬው ምን ብዬ ልጻፍ ትዪ ይሆናል። እውነቱን ጻፊለት። ባለፈው እሺ ማለቴ ነበር፤ በአገሬ እሺ የሚባለው እንዲያ ነው በዪው። ሊስቅብሽ ይችላል፤ ይሳቅ። ቦታውን ባይሰጥሽ እንኳ አይ ያለው እሱ ይሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ፤ እኔም በአንቺ አፍ ያልኩት አይሁን። ሰሚራ ወረቀቶችሽን ሁሉ አስቀምጣልሻለች፤ ሐሙስ ስትመጣ አብራችሁ ተቀመጡ።

በእኔ መቆጣትሽ አይቀርም። እሁድ ባትደውዪ ይገባኛል፤ ለብዙ እሁድ ባትደውዪም ይገባኛል። ቁጣሽን ግን ከሰኔ 23 በኋላ አድርጊው። ቁጣ የትም አይሄድም፤ ይቆይሻል። ቀኑ ግን አይቆይሽም።

የአባትሽ አምላክ በምትገቢበት ደጅ ሁሉ ቀድሞ ይግባልሽ። እጅሽ የነካው ይቃና፤ የሰው ፊት አያስፈራሽ። በማንም ቤት በር ላይ ቆመሽ ሌላ ሰው እስኪጠራሽ የምትጠብቂበት ቀን አይምጣብሽ። በረዶ አገርም ብትሄጂ ሙቀቱን እሱ ይስጥሽ። አሜን።

በጣም የምትወድሽ፣

እናትሽ